አቶ ሄበርለ የጠረጓቸው ከዋክብት

አቶ ጎትሂልፍ ሄበርለ ደረጃ ሲጠርጉ ድምፁ እስከ ምድር ቤት ይሰማል። ሆን ብለው ነው። እኛ የደቡብ ጀርመን ሽቫቦች ዘንድ ደረጃ መጥረግ ብቻውን አይበቃም፤ መጥረግህ ለጎረቤት መሰማት አለበት። የሳምንቱ ተራ ሲደርስህ አንዲት የእንጨት ሰሌዳ በርህ ላይ ትንጠለጠላለች። እሷ እዚያ እስካለች ድረስ ደረጃው፣ ምድር ቤቱና የእግረኛ መንገዱ ያንተ ናቸው፤ ቆሻሻ ይኑር አይኑር የሚጠይቅህ የለም። አቶ ሄበርለ ትናንት የተጠረገውን፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልረገጠውን ደረጃ መጥረጊያቸውን ከየጠርዙ እያንኳኩ ይጠርጉታል። እኔ ከእሳቸው በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የእሳቸው ተራ በሆነበት ቅዳሜ አርፍጄ ተኝቼ አላውቅም።

ይህን የማነሳው ለሐሜት አይደለም። እሺ፣ ለሐሜትም ነው። ነገር ግን ሰውየው መሥሪያ ቤትም የሚሠሩት ይህንኑ ስለሆነ ነው። መሥሪያ ቤታችንም አንድ ነው።

ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው ተቋማችን ከዋክብት የት እንዳሉና ምን ያህል እንደሚርቁ ይለካል። ይለካል ስል ሰማይ ሰማይ እያየን እናመሻለን ማለቴ አይደለም። ከመካከላችን ግማሹን ሜዳ ላይ አውጥታችሁ ከዋክብት አሳዩን ብትሉት ከሰሜን ኮከብ ወዲያ ይጠፋበታል። ቴሌስኮፑ ያለው ከምድር አንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እሱ ያያል፣ ቁጥሩን ይልካል፣ እኛ ደግሞ ማሞቂያ ባለው ቢሮ ተቀምጠን እንቀበለዋለን፤ ከዚያ በየጉባኤው "የሰማይ ለኪዎች" ተብለን እንጠራለን።

ልኬቱ ራሱ ተንኮል የለውም። አውራ ጣትህን ከፊትህ ዘርግተህ አንዴ በግራ ዓይንህ፣ አንዴ በቀኝ ዓይንህ ብታየው ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ፈቀቅ ይላል። ጣትህን ባራቅኸው ቁጥር ፈቀቅታው ያንሳል። ቴሌስኮፑም ከምድር ጋር ፀሐይን ይዞራል። አንዱን ኮከብ ዛሬ ያየዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ከፀሐይ ማዶ ሆኖ ደግሞ ያየዋል፤ ኮከቡ በመካከሉ ፈቀቅ ያለባት ቅንጣት ርቀቱን ትነግረናለች። ጣጣው የሩቅ ኮከብ ፈቀቅታ ጨረቃ ላይ የተጋደመች የተማሪ ማስመሪያ ከምድር የምትታየውን ያህል መሆኑ ነው። ለዚህ ሲባል የተሠራ መሣሪያ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንዱን አብዝቶ ይለካል፣ አንዱን አሳንሶ ይለካል። ሲያሳንስ ሲያሳንስ አንዳንዴ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያ ቁጥር ቃል በቃል ከተነበበ ኮከቡ ከማለቂያ የለሽ ርቀትም ወዲያ ነው ማለት ነው። ትርጉም የለውም፤ ግን ውሸትም አይደለም። መሣሪያው ከነመንቀጥቀጡ ያየውን ሳይደብቅ መናገሩ ነው።

አቶ ሄበርለ እዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቁጥር አጽድተዋል። ከጠፈር የሚመጣው መረጃ ውስጥ ድርብ የተቆጠረ ኮከብ፣ የመስተዋት ነጸብራቅ፣ መሣሪያውን የመታ ጨረር የተወው ጭረት ሁሉ አለበት። እሳቸው ያን እየለቀሙ ያወጣሉ። በዚህ ሥራ የሚተካከላቸው የለም፤ ይህንን የምለው ሳላሾፍ ነው። ግን የዶክትሬት ዲግሪ የላቸውም። በኮሪደራችን ላይ በየበሩ የተለጠፈውን ብታነቡ "ዶክተር"፣ "ዶክተር"፣ "ፕሮፌሰር ዶክተር" እያለ ይሄድና ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ሲደርስ "ሄበርለ" ይላል። ባዶውን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስማቸው የጥናት ጽሑፍ ራስጌ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከመጨረሻው ገጽ በደቃቅ ፊደል ከሚመሰገኑት ጋር ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩን ከሚያቀርበው ክፍል ቀጥሎ።

አንድ ሌላ ደንብ ደግሞ አለን። ስህተት የሠራ ሰው ኬክ ያመጣል። ማንም አይቆጣም፣ ማንም ደብዳቤ አይጽፍም። ጠዋት ኬክህን ይዘህ ትመጣለህ፣ የጋራው ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ "ምን አድርገህ ነው?" ብለው ይጠይቁሃል። ትናገራለህ፣ ይስቃሉ፣ ይበላሉ፣ ነገሩ ይታረማል። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ኬክ ጋግሬያለሁ። ፕሮፌሰር ላውተንባኽ፣ የተቋሙ አለቃ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አመጡ፤ እሱንም የገዙት ከዳቦ ቤት ነው፤ ጥፋቱም የሌላ ሰው እንደነበር እየተበላ አስረዱን። አቶ ሄበርለ አንድም አላመጡም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ ሩቅ የከዋክብት መንጋ ተለካ። በአንድ ላይ የተወለዱ፣ በአንድ ላይ የሚጓዙ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ከዋክብት ናቸው። ርቀታቸው ሃያ ሺህ አራት መቶ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው ተብሎ መጻሕፍት ላይ ሰፍሯል። ፕሮፌሰሩ ሥራውን ለአቶ ሄበርለ የሰጡት ሌላው ሰው ሁሉ ወይ የበጋ ዕረፍት ላይ ወይ ሊሄድ ሲል ስለነበረ ነው። አቶ ሄበርለ አጸዱት፣ ደመሩት፣ አካፈሉት፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ወጣ። መንጋው ሺህ አራት መቶ የብርሃን ዓመት ቀርቦ ተገኘ!

ፕሮፌሰር ላውተንባኽ ከስፔን ባሕር ዳርቻ ደወሉ። "አቶ ሄበርለ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አሏቸው።

"አጽድቼዋለሁ" አሉ አቶ ሄበርለ።

"እንግዲያው ስምዎ ከፊት ይሆናል።"

ይህች ዓረፍተ ነገር ምን እንዳደረገቻቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ሰሞን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ያፏጩ ነበር። ፊታቸውን ሲያዩት ሁልጊዜ የተዘጋ መዝጊያ የሚመስል ሰው ናቸው፤ ያን ሰሞን ግን ተከፍተው ዋሉ። የጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ አትመው አሳዩኝ። "ጎ. ሄበርለ፣ ኦ. ላውተንባኽ" ይላል። በጣታቸው ሊነኩት አስበው ቀለሙ እንዳይበላሽ ተዉት። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ቀርቷቸዋል። ሌላ ጊዜ የለም ማለት ነው።

ደንባችን ማንኛውም ልኬት ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሰው መርምሮ እንዲፈርም ያዝዛል። ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። ቅጹን አመጡልኝ፤ አርባ ገጽ ስሌት አብሮት አለ። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ለዕረፍት ልሄድ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነው። የአቶ ሄበርለን ሥራ መመርመር ማለት የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ልክ መሆኑን በእጅ ሰዓት ማረጋገጥ ማለት ነው፤ ማንም አያደርገውም። ፈረምኩ። አንዲት ገጽ አልገለጥኩም። ወረቀቱን ስመልስላቸው "ጥሩ ሆኖ አገኘሁት" ማለቴን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

በመስከረም የከንቲባው ጽሕፈት ቤት፣ ሁለት ጋዜጠኞችና የትምህርት ሚኒስቴር ሰው የተጠሩበት የማስታወቂያ ቀን ተያዘ። የአካባቢው ጋዜጣ ከወዲሁ "ሰማይ ቀረበን" ብሎ ጻፈ። ቀኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ምሳ ላይ፣ ፌምከ ዚልስትራ ትሪዋን ይዛ እኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች።

ፌምከ ደች ናት። ከእኛ ጋር ሁለት ዓመቷ ነው። ሰውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች፣ ሁሉንም አንተ ትላለች፤ ፕሮፌሰሩንም ጭምር። አቶ ሄበርለን አንተ ስትላቸው የመጀመሪያ ቀን ከኋላቸው ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ዞረው አይተዋል።

"ጎትሂልፍ፣ ሥዕላዊ መግለጫህን አየሁት። ያምራል" አለች ምስሩን በማንኪያ እያማሰለች።

"አመሰግናለሁ።"

"ከልክ በላይ ያምራል። ከዜሮ በታች የወጡት የት ገቡ?"

"የትኞቹ?"

"ይህን ያህል ሩቅ መንጋ ውስጥ ሦስት ሺህ ከዋክብት ስትለካ መቶ ምናምኑ ከዜሮ በታች መውጣት አለበት። አንተ ጋ አንድም የለም።"

አቶ ሄበርለ ኮራ ብለው ቀና አሉ። "መቶ ሰባ አንድ ነበሩ። ጠረግኳቸው።"

 እኔ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

"ለምን?"

"ከማለቂያ የለሽ ርቀት ወዲያ ያለ ኮከብ አይተው ያውቃሉ፣ ዶክተር ዚልስትራ?"

"አላውቅም። እሺ፣ የሰፈርህን ሰው ቁመት ለካህ እንበል፤ ሜትርህ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። አጥሮ የወጣብህን ሁሉ 'ይሄ ሰው ሊሆን አይችልም' ብለህ ሰርዘህ የቀሩትን አማካይ ብትወስድ ምን ይወጣል?"

አቶ ሄበርለ ማንኪያቸውን ከትሪው ጠርዝ ጋር አስተካከሉ።

"ሰፈርህ በሙሉ ረጅም ይሆናል። አሳንሶ የለካቸውን ጣልክ፣ አብዝቶ የለካቸውን አስቀረህ። ስለዚህ ፈቀቅታው በዛ፤ ስለዚህ መንጋው ቀረበ። መንጋው የትም አልሄደም እኮ፣ ጎትሂልፍ። አንተ ነህ የጎተትከው" ብላ ምስሯን በላች። ክፋት የለባትም፤ እነሱ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።

አቶ ሄበርለ ቀይ ሆኑ፣ ነጭ ሆኑ። "እኔ እዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት..." ብለው ጀመሩና ትሪያቸውን አንስተው ሄዱ። አያችሁ? ከመነሳታቸው በፊት ጠረጴዛው ላይ የወደቀችውን አንዲት ምስር በሶፍት አነሷት።

ለእሳቸው ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልናገር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በቅርብ ከዋክብት ላይ ነበር። የቅርብ ኮከብ ፈቀቅታው ትልቅ ስለሆነ ከዜሮ በታች ከወጣ በእውነትም ጥራጊ ነው፤ የነጸብራቅ ወይም የድርብ ቆጠራ ውጤት ነው፤ ይጣላል። ሠላሳ ዓመት ልክ የነበረው ልማድ ሩቁ መንጋ ላይ ሲደርስ ስህተት ሆነ። ይህንን ለመለየት አርባውን ገጽ ማንበብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ለማንበብ ደግሞ ደሞዝ የሚከፈላት ሰው ነበረች።

ቅዳሜ ከእንቅልፌ የነቃሁት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት! ደንግጬ ተነሳሁ። ሰሌዳዋ የእሳቸው በር ላይ እንዳለች ዓርብ ማታ አይቻለሁ፤ የመጥረጊያ ድምፅ ግን የለም። ሞተዋል ብዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ወረቀት በወረቀት ሆኗል።

"አቶ ሄበርለ፣ ዛሬ ተራዎ አይደለም እንዴ?"

"ትክክል ናት" አሉኝ።

"ማን?"

"ሴትየዋ። መቶ ሰባ አንዱን መለስኳቸው። ሃያ ሺህ አራት መቶ ሆነ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት።" ተቀመጡ። "መጽሐፉ ላይ ያለው ነው፣ ወይዘሮ ሽቴንግለ። እኔ ምንም አላገኘሁም።"

ምን ማለት ነበረብኝ? አጠገባቸው ተቀምጬ "እኔም ሳላነብ ፈርሜያለሁ" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ የሥነ ፈለክ ዶክተሯ፣ የሁለተኛው ዓይን ባለቤት፣ ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ማንም ላያየው ይችላል እኮ።"

"አየሁት እኔ" አሉ።

"ዶክተር ዚልስትራ ልትተወው ትችላለች። በሚቀጥለው ዝርዝር ይስተካከላል። እርስዎም በሰላም ጡረታ ይወጣሉ፣ ስምዎም..."

"ስሜ" አሉ፣ ያችን የመጀመሪያ ገጽ ከወረቀቶቹ መካከል ፈልገው አወጡና ረጅም ጊዜ አዩዋት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁት። ግን ከእሳቸው ይልቅ የፈራሁት ለፊርማዬ ነበር። ይህንንም ደብቄ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ በማስታወቂያው ቀን ጠዋት፣ አቶ ሄበርለ በሁለት እጃቸው አንድ ትልቅ መጋገሪያ ተሸክመው ወደ ኮሪደሩ ገቡ። የፕለም ኬክ ነው። የፕለሙ ግማሾች እንደ ሰልፈኛ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዱም ከመስመር አልወጣም። የጋራው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ቢላዋውን አጠገቡ አደረጉ፣ ቆሙ።

 የኮሪደሩ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ዶክተሮቹ ብቅ ብቅ አሉ። ሰው ሁሉ ኬኩን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ሄበርለ ኬክ ሲያመጡ! ያውም ዛሬ! ሁሉም ገባው፤ ነገር ግን "ምን አድርገው ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር አልነበረውም።

ያን ጊዜ ፕሮፌሰር ላውተንባኽ አዲስ ከረባታቸውን አስረው ከቢሮአቸው ወጡ። ኬኩን አዩ። የዚያ ሰውዬ ጭንቅላት ለምን አለቃ እንዳደረጋቸው በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

"አቶ ሄበርለ!" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። "እንኳን ተወለዱ!"

"ልደቴ አይደለም" አሉ አቶ ሄበርለ።

"ልደትዎ ነው እንጂ! እስቲ ሁላችሁም!" ብለው የልደት ዘፈኑን ጀመሩ።

እኛም ዘፈንን። ዶክትሬት ያለን አሥራ ሰባት ሰዎች ክብ ሠርተን ቆመን "መልካም ልደት ለአቶ ሄበርለ" ብለን ዘፈንን። እኔ ከፍ አድርገው ከዘፈኑት አንዷ ነኝ። በአገራችን የልደት ምኞትን አንድ ቀን እንኳ አስቀድሞ መናገር መዓት ይጠራል ተብሎ ይፈራል፤ የአቶ ሄበርለ ልደት መጋቢት ነው፤ በስድስት ወር ቀደምናቸው። ፌምከ ብቻ አልዘፈነችም። ትልቅ ቁራጭ ቆርሳ አፏን ሞልታ "ምን አድርገህ ነው? በል ንገረን እንጂ" አለቻቸው፤ የሰማት የለም፤ ዘፈኑ ሁለተኛው ዙር ላይ ነበር።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ የአቶ ሄበርለን ክንድ ይዘው ወደ ቢሯቸው አስገቧቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ሥራ ነበረኝ፤ ባይኖረኝም እፈጥር ነበር።

"አሁን ምኑ ነው የተቸኮለው?" ይላሉ ፕሮፌሰሩ። "በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰዎቹ ይገባሉ። ከንቲባው ብሬዘል አዝዘዋል።"

"ቁጥሩ ስህተት ነው፣ ፕሮፌሰር።"

"ማንኛውም ቁጥር ከጊዜ በኋላ ስህተት ይሆናል፣ አቶ ሄበርለ። ሳይንስ የሚያድገው እንዲያ ነው። በዓመቱ በዝምታ እናርመዋለን።"

"ይህኛው ከጊዜ በኋላ አይደለም። አሁን ነው ስህተት የሆነው።"

"ያስቡበት። ስምዎ እኮ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው!"

"አዎ" አሉ አቶ ሄበርለ። "ለዚያ ነው የመጣሁት።"

ፕሮፌሰሩ ምላሻቸውን የሰጡት በሳቅ ነበር። ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው "ይረጋጉ፣ ኬክዎ ግሩም ነው" ብለው ሸኟቸው። ሄበርለ በሰው ፊት እንደማይናገሩ እርግጠኛ ነበሩ። እኔም ነበርኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሰማናቸው አንድ ጊዜ ነው፤ መስኮቱ ይዘጋ ለማለት።

አዳራሹ ሞላ። ከንቲባው ስለ ከተማችን ታሪክ ተናገሩ። ፕሮፌሰሩ ስለ ሰው ልጅ ጥማት ተናገሩ፤ የመንጋውን ፎቶ አሳዩ፤ ሺህ አራት መቶ የብርሃን ዓመት ቀረበን አሉ፤ ሰው አጨበጨበ። መንጋው ቢቀርብም ባይቀርብም ማናቸውም ሊሄዱበት አላሰቡም፤ ግን ደስ አላቸው። "ልኬቱን በትጋት ያገዙኝ አቶ ሄበርለም እዚህ አሉ፤ እስቲ ይነሱልን" አሉ ፕሮፌሰሩ። በስልክ "ከፊት" የተባለው ሰው አዳራሽ ሲደርስ "ያገዙኝ" ሆኗል።

አቶ ሄበርለ ተነሱ። መነሳት ብቻ ነበር የተጠየቁት። እሳቸው ግን ወደ ፊት ሄዱ።  ማይክሮፎኑ ለፕሮፌሰሩ ቁመት ስለተስተካከለ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር የተናገሩት።

"ቁጥሩ ስህተት ነው። መቶ ሰባ አንድ ከዋክብት ጣልኩ፤ መጣል አልነበረብኝም። እነሱ ሲመለሱ መንጋው ድሮ የነበረበት ላይ ነው።"

ከጋዜጠኞቹ አንዷ እጇን አወጣች። "ማለት ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም?"

"የለም" አሉ አቶ ሄበርለ። "ቦታው ላይ ነው።"

ሰው አጉረመረመ። ከንቲባው የያዙትን ብሬዘል፣ ያን ጥምዝ ዳቦ፣ ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ፕሮፌሰር ላውተንባኽ ግን ፈገግታቸውን አልጣሉም፤ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረቡና በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ተቋማችን ማንኛውንም ልኬት በሁለተኛ ባለሙያ ያስመረምራል። አቶ ሄበርለ፣ ይህንን የመረመረው ማን ነበር?" አሉ።

ፕሮፌሰሩ ቅጹን ስላላዩት አያውቁም ነበር፤ እሳቸውም እንደ እኔ ነው የሚያነቡት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።  አቶ ሄበርለ ዓይናቸውን በረድፉ ላይ አሳለፉና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተነሺ፣ አልኩ ለራሴ። ሃምሳ አራት ዓመትሽ ነው፣ ቋሚ ሥራ አለሽ፣ ማንም አያባርርሽም፣ አንድ ኬክ ነው ዕዳው፤ ተነሺ። አልተነሳሁም።

"ማንም" አሉ። "እኔ ብቻ ነኝ።"

እኒያ ምስር እንኳ ጠረጴዛ ላይ ጥለው የማይሄዱ ሰው በሕይወታቸው በሰው ፊት የዋሹት ውሸት ይህች ናት። እፎይታ ተሰማኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው፤ ኀፍረቱ የመጣው ብሬዘል በልቼ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጽሑፉ ተሰረዘ። አቶ ሄበርለ ደንብ ጥሰው ያለ ሁለተኛ መርማሪ ሠርተዋል ተባለ፤ ፊርማዬ ያለበትን ቅጽ ፈልጎ ያየ የለም። በመጋቢት ያለ ሽኝት ጡረታ ወጡ። ኬክ የለ፣ ዘፈን የለ፤ ያኔ እውነተኛ ልደታቸው በነበረበት ሳምንት። ልጠይቃቸው ስሄድ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሱብኝም፤ ያ ደግሞ ከመሰደብ ይከፋል።

በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ አዲስ ጽሑፍ ወጣ። ከዜሮ በታች የወጡ ልኬቶች ፈጽሞ መጣል እንደሌለባቸው፣ ይህንን የማያውቅ ለኪ ምን ዓይነት ስህተት ላይ እንደሚወድቅ በዚያው መንጋ ምሳሌነት ያስረዳል። ከፊት ላውተንባኽ፣ ከዚያ አርባ ስም፤ ፌምከ ሰባተኛ ናት። ፕሮፌሰሩ የሳይንስ ማኅበሩን ሜዳልያ አገኙበት፤ በንግግራቸውም ስለ ሐቀኝነት ብዙ አሉ። መቶ ሰባ አንዱ ከዋክብት በሰንጠረዥ ተዘርዝረዋል። ሄበርለ የሚል ስም ግን ከራስጌ እስከ ግርጌ የለም። ፌምከ ይጨመር ብላ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋለች፤ "ጥሩ ሐሳብ ነው" ብለዋት ዘግተውታል።

ጽሑፉን ይዤ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲቆጡ ፈልጌ ይሆናል። አቶ ሄበርለ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳስ ቀረጹ፣ ሃያ ስድስቱንም ገጽ አንድ በአንድ አነበቡ። ሰንጠረዡን በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ ነበር።

"ስምዎ የለበትም" አልኩ በመጨረሻ።

"አዎ፣ አይቻለሁ። ርቀቱ ግን ልክ ነው።"

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ እርሳሳቸው ቆመ። በደቃቅ ፊደል የሚመሰገኑት ያሉበት ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ "ዶክተር ኢርሜላ ሽቴንግለን ስለ ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራዋ እናመሰግናለን" ይላል። ይህኛውንም አልመረመርኩትም፤ ቅጹ ሲመጣልኝ ፈርሜ መለስኩት። አቶ ሄበርለ መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ ወረቀቶቹን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክለው መለሱልኝ።

"ሁለት ስህተት አለበት" አሉ። "አንዱ ገጽ አሥራ አራት ላይ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ወጥታለች፤ ይንገሯቸው።"

ሁለተኛውን እስኪነግሩኝ ጠበቅኩ። ተነስተው ሻይ ጣዱ፣ ስኳር ይወስዳሉ ወይ ሳይሉ እንደምወደው ሁለት ማንኪያ አደረጉልኝ፤ ስለ አየሩም አወሩኝ። ሻዩን ጠጥቼ ወረድኩ። የገጽ አሥራ አራቷን ነጥብ በማግሥቱ አስታረምኩ።